ውሃው ገብቷል፣ አየሩ ግን አልወጣም

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «እስካሁን ኮምፒውተሬን በማራገቢያ ብቻ ነበር የማቀዘቅዘው። በዚህ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴን የውሃ ማቀዝቀዣ ገጠምኩ። ከላይ 360 ሚሊ ሜትር፣ ከፊት 240 ሚሊ ሜትር ራዲያተር አለው። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም ብሎክ (ውሃ በውስጡ እያለፈ ሙቀታቸውን የሚወስድ ብረት) ተገጥሞላቸዋል። ፓምፑ ዲ5 የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከሪዘርቫየሩ (ከውሃ ማጠራቀሚያው) ሥር የተያያዘ። ሪዘርቫየሩን ሞልቼ ፓምፑን ሳስነሳ በሁለት ሰከንድ ውሃውን ጠጥቶ ጨረሰውና ጠጠር የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ አሰማ። ደጋግሜ ሞላሁት። አሁን ውሃው መቀነስ አቁሟል። ግን የላይኛው ራዲያተር ውስጥ ሲንቦጫቦጭ ይሰማኛል፤ ሪዘርቫየሩም በደቃቅ አረፋ ወተት መስሏል። ኮምፒውተሩን ላስነሳው? ስንት ሰዓት ልጠብቅ? ፓምፑንስ ጎድቼው ይሆን?»

እንኳን ደስ አለህ። የመጀመሪያ ሥራህ ሆኖ ስለ ፍሳሽ አንድም ቃል አለማንሳትህ ቀላል ነገር አይደለም። የዘረዘርካቸው ምልክቶች ሁሉ የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፦ ሲስተሙ አየር ይዟል። አልተበላሸም። ኮምፒውተሩን ግን ዛሬ አታስነሳው። አንድ ምሽት ስጠው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው ፓምፑ አየሩን እየገፋ የሚያስወጣው ስለሚመስለው ነው። ፓምፕ የሚገፋው ውሃ ነው። አየር የሚወጣው ራሱ ወደ ላይ ተንሳፍፎ ሪዘርቫየር ሲደርስ ነው። ያንተ ሥራ መንገዱን መክፈት ነው። አንዳንዴ ፓምፑን አስነስተህ፣ አንዳንዴ አጥፍተህ፣ አንዳንዴ ኬዙን (የኮምፒውተሩን ሣጥን) ራሱን አዘንብለህ።

ከፓምፑ ልጀምር፤ በዚህ ሥራ ላይ ስህተት የማይችለው እሱ ነውና። ዲ5 ውስጥ የሚሽከረከረው አካል የተቀመጠው አንዲት ትንሽ የሴራሚክ ኳስ ላይ ነው። ዘይት የለውም፣ ግሪስ የለውም። የሚያለሰልሰውም የሚያቀዘቅዘውም በውስጡ የሚያልፈው ውሃ ነው። ውሃ ካጣ በደረቁ ይፋተጋል። አንተ የሰማኸው የጠጠር ድምፅ ፓምፑ ውሃና አየር ቀላቅሎ ሲውጥ የሚያወጣው ነው። ለአንድ ሁለት ሰከንድ ከሆነ አያሳስብም። ለደቂቃ ከሆነ ግን ሌላ ታሪክ ነው። እኔ አንድ ፓምፕ እንዲህ አጥቻለሁ። አስነስቼው ፎጣ ላመጣ ወደ ሌላ ክፍል ሄድኩ። ስመለስ ሪዘርቫየሩ ባዶ ነበር፤ ቢበዛ አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው። ፓምፑ ከዚያ በኋላም ሠርቷል። ነገር ግን ቀጭን ፉጨት ያዘው፤ እስክቀይረው ድረስም አልለቀቀውም። ከዚያ ወዲህ ውሃ ስሞላ እጄ ከማብሪያው አይርቅም። አንተም እንደዚያው አድርግ። የውሃው ከፍታ ወደ ፓምፑ መግቢያ ሲቃረብ አጥፋ፣ ሙላ፣ እንደገና አብራ። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች በእያንዳንዱ ጊዜ ከሁለት እስከ አምስት ሰከንድ ይበቃል።

ኤሌክትሪኩን እንዴት እንዳገናኘኸው አልነገርከኝም፤ ስለዚህ ልጥቀሰው። አየር ስታስወጣ መብራት ማግኘት ያለበት ፓምፑ ብቻ ነው። ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄደውን ባለ 24 ፒን ሶኬት ንቀል። የፕሮሰሰሩንና የግራፊክስ ካርዱንም ንቀል። ውሃ ቢንጠባጠብ እንኳ መብራት የሌለው ዕቃ ላይ ይውደቅ። ፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ክፍል) ያለ ማዘርቦርድ እንዲነሳ በ24 ፒኑ ሶኬት ላይ አረንጓዴውን ሽቦ ከአንዱ ጥቁር ጋር ማገናኘት ያስፈልጋል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራች ትንሽ ማገናኛ ሶኬት አለች፤ ብዙ ጊዜ ከፓወር ሰፕላዩ ጋር በካርቶኑ ውስጥ ትመጣለች። ሽቦዎቹ ሁሉ ጥቁር ከሆኑብህ በግምት ሽቦ አትወትፍ፤ ማገናኛዋን ተጠቀም። ከዚያ በኋላ ፓምፑን የምታበራውና የምታጠፋው ከፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ባለው ማብሪያ ነው። የፓወር ሰፕላዩ ማራገቢያ ባይዞር አትደንግጥ፤ ጭነት ሲያንስ ብዙዎቹ አያዞሩትም።

በየፊቲንጉ (በየቱቦው ማያያዣ) ሥር ሶፍት አስቀምጥ። ነጭ ሶፍት አንዲት ጠብታ እንኳ ስትነካው ይታያል። ከፓምፑ ሥርና ከግራፊክስ ካርዱ በላይ ደግሞ ወፈር አድርገህ አንጥፍ። «ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም» የሚለውን አትመን። ንጹሕ ሆኖ ጠርሙስ ውስጥ እያለ እውነት ነው ማለት ይቻላል። መዳብ፣ ኒኬልና አቧራ ነክቶ ሲወጣ ግን ያ ውሃ አይደለም።

አሁን አየሩ ለምን እንዲህ እንደሚያስቸግር ልንገርህ፤ ምክንያቱ ከገባህ መፍትሔውን ራስህ ታገኘዋለህ። ጥቂት ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት አረፋ በረጋ ውሃ ውስጥ በሰከንድ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ትወጣለች። ውስጡ 10 ሚሊ ሜትር በሆነ ቱቦ ውስጥ በደቂቃ 4 ሊትር ቢያልፍ የውሃው ፍጥነት በሰከንድ 85 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አረፋዋ ብትወድም ባትወድም ይዟት ይወርዳል። ውሃው በደቂቃ 1 ሊትር ብቻ ከሆነ ግን ፍጥነቱ 21 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ውሃው ወደ ታች ይጎትታል፣ አረፋዋ ወደ ላይ ትታገላለች፤ ቱቦው መሃል ላይ ቆማ ስትንቀጠቀጥ ታያታለህ። ይህን በዓይንህ አይተኸው ይሆናል።

ራዲያተር ውስጥ ደግሞ ይብሳል። ውሃው እዚያ ሲገባ በብዙ ጠፍጣፋ መስመሮች ይከፋፈላል። ሲከፋፈል ፍጥነቱ ዝግ ይላል። ዝግ ሲል አየሩን የሚጎትትበት አቅም ያጣል። ከላይ የተገጠመው 360ህ መግቢያና መውጫው ወደ ታች ነው የሚያየው አይደል? አየር ደግሞ ሁልጊዜ ከፍተኛውን ቦታ ይመርጣል። ስለዚህ በራዲያተሩ ሁለት ጫፎች ላይ ካሉት ሳጥኖች ጣሪያ ሥር ይጠራቀማል። ውሃው ከሥሩ ያልፋል፣ አየሩ ከላይ ተኝቷል። ፓምፑን ሳምንት ሙሉ ብታስሮጠው ያ አየር በራሱ ላይወጣ ይችላል። የሚንቦጫቦጨው እሱ ነው።

መፍትሔው ማዘንበል ነው። መጀመሪያ ፓምፑን አጥፋ። የሪዘርቫየሩን ክዳን ጥብቅ አድርገህ ዝጋ። የጎኑ መስታወት ካለ አውጣው። ከዚያ ኬዙን የራዲያተሩ መግቢያና መውጫ ያለበት ጫፍ ከሌላው ጫፍ ከፍ እንዲል አዘንብለው። 30 ዲግሪ ያህል ይበቃል፤ መገልበጥ አያስፈልግም። ኬዙ ከባድ ነው፣ ግራፊክስ ካርዱም ከነብሎኩ ይከብዳል፤ ብትችል ሌላ ሰው ይያዝልህ። በዚያው እንዳለ አሥር ሰከንድ ያህል ቆይ። በእጅህ መዳፍ ራዲያተሩን ቀስ እያልክ መታ መታ አድርገው። ቡልቅ ቡልቅ የሚል ድምፅ ትሰማለህ። አየሩ ከሳጥኑ ጣሪያ ተነቅሎ ወደ መውጫው ሲሄድ ነው። ኬዙን ወዲያው መልስና ፓምፑን በከፍተኛ ፍጥነት አስነሳው። ዓይንህን ወደ ሪዘርቫየሩ በሚመለሰው ቱቦ ላይ አድርግ። እንደ አውራ ጣት የረዘመ የአየር ቁራጭ ቱቦውን ሞልቶ ሲያልፍ ካየህ ሥራው ተሠራ ማለት ነው። ሪዘርቫየሩ ውስጥ ሲገባ ይፈነዳል፣ ውሃው ዝቅ ይላል። አጥፋ፣ ክዳኑን ክፈት፣ ጨምር። ቀጥሎ በሌላው ጎን አዘንብል። የፊቱንም ራዲያተር እንዲሁ አድርግ፤ እሱ ቆሞ የተገጠመ ስለሆነ መግቢያና መውጫው ወደ ላይ ከሆነ አየሩን በራሱ ይለቃል፤ ወደ ታች ከሆነ ግን አየሩ የሚደበቀው ላይኛው ጫፍ ላይ ነው።

አንዳንድ ራዲያተር በሌላኛው ጫፍ አንድ ትርፍ ቀዳዳና መዝጊያ ቡሎን አለው። ፈታ አድርጎ አየሩን በዚያ ማውጣት የሚያጓጓ ነው። ይህን የምታደርገው ግን ፓምፑ ጠፍቶ፣ የሪዘርቫየሩ ውሃ ከዚያ ቡሎን በላይ ከሆነ ብቻ ነው። ያንተ ላይኛው ራዲያተር ከሪዘርቫየሩ ከፍ ያለ ይመስለኛል። ከፈታኸው አየር ይስባል፤ ውሃው ወደ ሪዘርቫየሩ ወርዶ በክዳኑ በኩል ሊፈስ ይችላል። ስለዚህ አትንካው።

ፍጥነትን በተመለከተ፣ ሁልጊዜ በከፍተኛ ማስሮጥ ይጠቅማል ብለው የሚመክሩ አሉ። እኔ አልስማማም። ከፍተኛው ፍጥነት አየሩን ከተደበቀበት ይነቅለዋል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሪዘርቫየሩ ውስጥ ሲደርስ ጊዜ አይሰጠውም። አረፋው ወደ ላይ ሳይወጣ ፓምፑ መልሶ ይውጠዋል፣ ይፈጨዋል፣ ደቃቅ ያደርገዋል። ሪዘርቫየርህ ወተት የመሰለው ለዚህ ነው። ፓምፕህ ከጀርባው ከ1 እስከ 5 ቁጥር ያለው መቆጣጠሪያ ካለው አንድ ደቂቃ በ5 አስሮጠው፣ ከዚያ ወደ 1 ወይም 2 አውርደህ ጥቂት ደቂቃ ተወው። ፍጥነቱን ከማዘርቦርድ የሚቀበል ዓይነት ከሆነ ደግሞ ማጥፋትና ማብራት ያንኑ ሥራ ይሠራል። አሥር ሰከንድ አብራ፣ ግማሽ ደቂቃ አጥፋ። ስታጠፋ ሪዘርቫየሩን ልብ ብለህ ተመልከተው። ወተቱ ከታች ጀምሮ እየጠራ ወደ ላይ ይሄዳል። በጣም ደስ የሚል ነገር ነው። ሥራው የሚሠራው ያን ጊዜ ነው እንጂ ፓምፑ ሲጮህ አይደለም።

ሪዘርቫየሩ ውስጥ አዙሪት ካየህ ደግሞ ውሃው አንሷል። አዙሪቱ አየሩን ከላይ ወደ ፓምፑ ይስበዋል፤ በአንድ በኩል ታስወጣለህ፣ በሌላ በኩል ታስገባለህ። ከመመለሻው ቀዳዳ በላይ እስኪሆን ድረስ ጨምር። ከላይ የሚወርድ ፏፏቴ ካለ አረፋ ማምረቱን አያቆምም።

አሁን ሁሉም ነገር ጸጥ ሲል ተደብቆ የቀረ አየር መኖሩን እንዴት ታውቃለህ? እኔ ሁልጊዜ የምሠራት አንዲት ፈተና አለች። ፓምፑን አጥፋ፣ ክዳኑን ክፈት። የውሃው ከፍታ ላይ ሪዘርቫየሩን በቀጭን ፕላስተር ምልክት አድርግበት። አሁን ፓምፑን በከፍተኛ ፍጥነት አስነሳው። ውሃው ከፕላስተሩ በታች ወረደ? አጥፋው። ተመልሶ ፕላስተሩ ላይ ደረሰ? ወርዶ ከተመለሰ የሆነ ቦታ አየር አለ። ውሃ አይጨመቅም፣ አየር ይጨመቃል። ፓምፑ ሲነሳ የታፈነውን አየር ይጨምቀዋል፤ በለቀቀው ቦታ ውሃ ይገባበታል፤ ሲጠፋ አየሩ ተነፍቶ ውሃውን ይመልሰዋል። ለስላሳ ቱቦ የተጠቀምክ ከሆነ ቱቦው ራሱ ትንሽ ስለሚለጠጥ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ልዩነት ቸል ማለት ይቻላል። ልዩነቱ የጣት ውፍረት ከሆነ ግን ወደ ማዘንበሉ ተመለስ። ሌላ ቦታ ላይ ጆሮህ ሊያታልልህ ይችላል፤ ይህቺ ፕላስተር ግን አታታልልም።

ስንት ሰዓት ልጠብቅ ላልከው፦ ትልልቁ አየር በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ይወጣል። ከዚያ ፓምፑን በመካከለኛ ፍጥነት ትተህ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ሆነህ፣ ጥቂት ሰዓት ጠብቅ። ሶፍቶቹን እያየህ። ይህ የፍሳሽ ፈተናም ስለሆነ አታሳጥረው። ደቃቆቹ አረፋዎች ግን ቀናት ይፈጃሉ፤ አንዳንዴ ሁለት ሳምንት። ግድግዳ ላይ የተለጠፉትን ትንንሽ አረፋዎች አትቁጠራቸው፤ አይጎዱም። እነሱን ለማስለቀቅ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ የሚያደርጉ አሉ። እባክህ አታድርገው። አረፋ ይደፍቃል፣ ውሃው ውስጥ ካለው የዝገት መከላከያ ጋርም ምን እንደሚፈጥር አይታወቅም።

ታዲያ ኮምፒውተሩን መቼ ታስነሳለህ? ሶፍቶቹ ደረቅ ሲሆኑ፣ የሚንቦጫቦጨው ድምፅ ሲጠፋ፣ ፕላስተሯም ስትፈቅድ። ያኔ ሶኬቶቹን መልስና መጀመሪያ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ግባ። እዚያ ቆይተህ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ተመልከት። ከፍ ብሎ አንድ ቦታ ላይ ከረጋ ጥሩ ነው። ሳያቋርጥ እየወጣ ከ70 ዲግሪ ካለፈ ግን አጥፋ፤ ብሎኩ ውስጥ አየር አለ ወይም ውሃው አይዞርም። ቀልድ አይደለም፤ እኩል መጠን ያለው ውሃ ከአየር 3,500 እጥፍ ገደማ ሙቀት ይሸከማል። በፕሮሰሰሩ ብሎክ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች በአየር ከተዘጉ ሙቀቱ በሰከንዶች ይወነጨፋል።

ሥራ ከጀመረ በኋላ ሪዘርቫየሩ እንደገና አረፋ ሊያወጣ ይችላል። አየር ገባ ብለህ አትደንግጥ። ውሃ ራሱ ውስጥ የሟሟ አየር አለ። በ20 ዲግሪ አንድ ሊትር ውሃ 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ በ40 ዲግሪ 6.5 ገደማ ብቻ። ስለዚህ ጨዋታ ከፍተህ ውሃው ሲሞቅ ትርፉ አረፋ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ወጥቶ ያልቃል። በመጀመሪያው ሳምንት የውሃው ከፍታ ትንሽ መቀነሱም ከዚሁ የተነሳ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላም መቀነሱን ከቀጠለ ግን ፍሳሽ ፈልግ።

ስትጨምር እስከ አፉ አትሙላው። አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 45 ዲግሪ ሲሞቅ በ8 ሚሊ ሊትር ያህል ይሰፋል። መሄጃ ካጣ ፊቲንጎቹን ይገፋል። ከላይ አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ባዶ ተውለት። እዚያ ያለው አየር ቦታው ነው፤ ችግር የሚሆነው ሌላ ቦታ ሲገኝ ነው። የምትጨምረውም መጀመሪያ የሞላኸውን ዓይነት ይሁን። የሁለት አምራች ፈሳሽ አትቀላቅል፤ የቧንቧ ውሃም አትጨምር፤ ማዕድኑ ብሎኩ ውስጥ ይቀራል።

የቀረው የፓምፑ ጥያቄህ ነው። ዛሬ መልሱን ማወቅ አትችልም፤ አየር ያለበት ጤነኛ ፓምፕም ይጮኻል። ሲስተሙ ሙሉ በሙሉ ሲሞላ፣ ሌሎቹ ማራገቢያዎች ቆመው፣ የረጅም ስክሩድራይቨር ጫፍ የፓምፑ አካል ላይ፣ እጀታውን ጆሮህ ሥር አድርገህ አዳምጥ። ፍጥነቱን ከ1 ወደ 5 ስትወስደው ድምፁ እየቀጠነ የሚሄድ ወጥ እምምታ ከሆነ ደህና ነው። ከውስጡ የሚፈጭ ወይም የሚያፏጭ ነገር ካለ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ኬዙን አዘንብለህ ፓምፑ ውስጥ የቀረ አረፋ እንደሌለ አረጋግጥ። ከዚያም በኋላ ከቀጠለ ኳሷ ተጎድታለች። እንደገለጽከው ሁለት ሰከንድ ብቻ ከሆነ ግን ወጥ የሆነውን ድምፅ የምትሰማ ይመስለኛል።